በሰገነቱ ላይ የተከፈተው ሳጥን

የሌላውን ሰው ገመና ለራሱ ጥፋት መሸሸጊያ ያደረገ ሰው፣ መሸሸጊያው በመጨረሻ ወጥመድ ሆኖ ይይዘዋል። ይህን ሽማግሌዎች በምሳሌ፣ ዳኞችም በአንቀጽ ሲናገሩት ኖረዋል። ሰው ግን ከተነገረው ይልቅ የሆነውን ያምናልና፣ በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ በአንዲት ሰማያዊ በር ባላት ባለ ሰገነት ቤት የሆነውን መተረክ ይሻላል።

ቤቱ የወይዘሮ ሀኪማ ነበር። ወይዘሮ ሀኪማ ከባለቤታቸው ከአቶ ባሺር ጋር ከድሬዳዋ በባቡር መጥተው፣ ከአንድ ጥቅል አቡጀዲ ተነሥተው የጨርቅ ሱቅ ያቆሙ፣ ባላቸው ከሞቱም በኋላ ሱቁን ያላስደፈሩ ሴት ናቸው። ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ ኒዛር በወደቡ የነጋዴ ዕቃ የሚያስወጣ ትራንዚተር ነበር፤ ታናሿ ሀያ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷን የያዘች፣ ፈረንሳይኛውን እንደ ውሃ የምትጠጣ ተማሪ ነበረች። አራተኛዋ የቤቱ ነዋሪ የኮምቦልቻዋ የውብዳር ናት። የመኪና ሾፌር የነበረው ባሏ ሽብሩ ወደ ጅቡቲ አምጥቷት ሲሞትባት፣ ወይዘሮ ሀኪማ ቤት በሠራተኛነት ገብታ ስድስት ዓመት ኖራለች።

ወይዘሮ ሀኪማ በዚህ ቃል አይስማሙም። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ወላሂ ሠራተኛዬ አይደለችም፤ ልጄ ናት» ይሉ ነበር። ነገሩም ከንቱ ሽንገላ አልነበረም። የውብዳር ከሀያ ጋር ከአንድ ትሪ ትበላለች፤ በጾሟ ወራት ወይዘሮ ሀኪማ ራሳቸው የእሷን ወጥ ለብቻ በዘይት ይሠሩላታል፤ ለፋሲካም ቀሚስ ይቆርጡላታል።

ልጅ የተባለችው ሴት ግን በዚያ ቤት ውስጥ የራሷ የምትለው ነገር አንድ ብቻ ነበር። እርሱም ከኩሽናው ጥግ ባለችው ጠባብ ክፍሏ ያስቀመጠችው አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ሳጥኑ በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከማተቧ ጋር ታስሮ አንገቷ ላይ ይውላል፣ ያድራልም። በውስጡ አንድ ነጠላ፣ የሽብሩ ፎቶግራፍ፣ ከእናቷ የመጡ አራት ደብዳቤዎች ነበሩ። ከሁሉም በታች፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ሦስት የመድኃኒት ብልቃጥ ተቀምጧል።

ሽብሩ ሲሞት በምን እንደሞተ ሐኪሞቹ ነግረዋታል። የእርሷንም ደም መርምረው ያገኙትን አልደበቋትም። መድኃኒት ካስጀመሯት ወዲህም ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ አንድ ቀን «ቤተ ክርስቲያን ልሳለም» ብላ ወጥታ መድኃኒቷን ከክሊኒክ ትቀበላለች። የአገሯ ሰው «ዕድሜ ማራዘሚያ» የሚለው ያ መድኃኒት ጤናዋን መልሶላት ነበር፤ ሆኖም ስሙ በዚያ ቤት ቢሰማ ዕድሜዋ ሳይሆን እንጀራዋ እንደሚያጥር ታውቃለች። ከአጥር ማዶ ባለው ቤት ሱሪያ የምትባል የሐረር ልጅ ትሠራ ነበር። በሽታው እንዳለባት በተሰማ ዕለት ልብሷን በፌስታል አድርገው በር ላይ አኖሩላት፤ የጠጣችበትንም ብርጭቆ ከኋላዋ ግንብ ላይ ሰበሩት። የብርጭቆው ድምፅ ከየውብዳር ጆሮ አልወጣም። ያን ዕለት ወይዘሮ ሀኪማ ከመስኮት ሆነው፣ «አላህ ይጠብቀን፤ እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው» ብለው ነበር።

በ2001 ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ ኒዛር ታሰረ። ከኮንቴይነሮች ዕቃ ይሰርቅ ነበርና ነው። የሚሰርቅበትም መንገድ በወደቡ ለብዙ ጊዜ ያልታወቀ ነበር። የኮንቴይነሩን ማሸጊያ አይነካም፤ በማጠፊያው በኩል ይገባል። የማጠፊያውን ብረት አውጥቶ በሩን በጀርባው ይከፍታል፤ የፈለገውን ካወጣ በኋላ በብረቱ ፈንታ ምስማር ሰክቶ ይዘጋዋል። ዕቃው አዲስ አበባ ሲደርስ ማሸጊያው ደኅና፣ ሆዱ ግን ባዶ ይሆናል። ሦስት ዓመት ተፈረደበት፤ ስምንት ወር ከታሰረ በኋላም ቀሪው በአመክሮ ሆኖለት እንዲለቀቅ ተወሰነ። በእናቱ ቤት እንዲኖር፣ ወደ ወደቡ እንዳይደርስ፣ የአመክሮ ተቆጣጣሪም በፈለገው ሰዓት መጥቶ ቤቱን እንዲፈትሽ ታዘዘ።

በመፈቻው ዕለት ወይዘሮ ሀኪማ ወደ አመክሮ ቢሮው ሄዱ። ተቆጣጣሪው ሮብሌ ይባላል። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ድሬዳዋ አድጎ አማርኛውን አሳምሮ ይናገራል። ወረቀቱን ገለጠና፣ «ኤዶ ሀኪማ» አላቸው፤ በሶማልኛ አክስቴ እንደማለት ነው። «ቤት ውስጥ ከኒዛር ሌላ እነማን አሉ? የእነርሱን የግል ዕቃ መንካት የምችለው ራሳቸው ፈቅደው ከፈረሙ ነው። መጥተው ይፈርሙ።»

ወይዘሮ ሀኪማ ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት። «በእኔ ቤት የተደበቀ ነገር የለም! ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ ሀያና የውብዳር። እናት እያለች ልጆች ፍርድ ቤት ደጅ ይጠናሉ እንዴ? እኔ እፈርምላቸዋለሁ።»

ሮብሌም ሕጉን ያውቅ ነበር፤ ሆኖም ከድካም ያተረፈውን ነገር ማን ይጠላል? ብዕሩን ሰጣቸው። ወይዘሮ ሀኪማ አንድ ጊዜ ስለ ራሳቸው፣ አንድ ጊዜ ስለ ሀያ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ የውብዳር ፈረሙ። ከፍቅርና ከኩራት የወጣ ፊርማ ነበር። ቢሆንም የሰውን ፈቃድ ሳይጠይቁ መውሰድ፣ ወሳጁ እናት ቢሆንም እንኳ፣ መውሰድ ነው።

ኒዛር እየሳቀ ገባ። «የውቤ፣ ያንቺ ወጥ ነው ያስፈታኝ። ለዳኛው ሽታውን ብቻ ብነግረው አለቀሰ» ብሎ የቤቱን ሰው ሁሉ አሳቀ።

ሮብሌ በወር ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ የኒዛርን ክፍል ብቻ አየ። በኋላ እጁ ረዘመ። የወይዘሮ ሀኪማን የልብስ ቁም ሣጥን አተራመሰ፤ የሀያን ማስታወሻ ገልጦ አነበበ፤ አንድ ቀንም በመካከሉ ፈገግ አለ። ሀያ ያን ዕለት ምሳ ሳትበላ ዋለች። «እማዬ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? የሰረቀው እሱ፣ የምገለጠው እኔ!» ስትል እናቷ፣ «ዝም በይ፤ ወንድምሽ ነው» አሏት። የየውብዳር ክፍል ግን በሩ ዝግ ነበርና፣ ሮብሌም ከኩሽናው ሙቀት ስለሚሸሽ፣ እስከዚያ ድረስ አልገባባትም።

ሰኔ ገባ። በጅቡቲ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሣ በቤት ውስጥ መተኛት አይቻልም፤ ሰው ሁሉ አልጋውን ወደ ሰገነት ያወጣል። በወይዘሮ ሀኪማም ቤት እንዲሁ ሆነ። በሰሌን ጥላ ሥር አራት አልጋ ተዘረጋ፤ የእናትና የሴቶቹ በአንድ ወገን፣ የኒዛር ከመጋረጃ ማዶ። የውብዳር ሳጥኗን ኩሽና ጥግ ብትተወው መድኃኒቱ በሙቀት ይበላሻል ብለው በክሊኒኩ ነግረዋታልና፣ የባሕሩ ነፋስ ወደሚያገኘው ሰገነት አውጥታ ከአልጋዋ ሥር ገፋችው። ይህን ስታደርግ ከተዘጋ በር ወደ ሜዳ እንዳወጣችው አላሰበችም።

በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወይዘሮ ሀኪማና ሀያ ሱቅ ሳሉ፣ መድኃኒቷን ልትውጥ ሳጥኑን ከፈተች። ነጠላው ከፍ ብሎ አበጥ ብሏል። ስታነሣው ከሥሩ በጥቁር ላስቲክ የታሰረ ጥቅል አገኘች። ፈታችው። ገና ከካርቶናቸው ያልወጡ አሥራ ሁለት የእጅ ስልኮች ነበሩ። አንገቷን ዳሰሰች፤ ቁልፉ አለ። ጓጉንቸሩን አየች፤ ጭረት የለበትም።

«አትደንግጪ፤ የኔ ናቸው» አለ ከመጋረጃው ማዶ ድምፅ። ኒዛር አልጋው ላይ ተጋድሞ ኖሯል።

«ምን አድርገህ ከፈትከው? ቁልፉ እኮ እዚህ ነው!»

«ቁልፍ? ቁልፍማ ለዋህ ሰው ነው፣ የውቤ። በር በፊቱ ብቻ የሚከፈት ይመስልሻል?» ሳጥኑን አዙሮ አሳያት። የማጠፊያዎቹ ብረት ወጥቶ በምትካቸው ሁለት ቀጫጭን ምስማሮች ተሰክተዋል። ሥራው የሚያኮራው ይመስል በጣቱ መታ መታ አደረጋቸው። «እዪው፣ ጌጥ!»

«አውጣ! አሁኑኑ አውጣልኝ። ሮብሌ ቢያገኘው በኔ ነው የሚሆነው!»

«አያገኘውም። በአንቺ በበሽተኛዋ ላይ የተፈረደ ነገር የለም፤ ሳጥንሽን የሚከፍትበት ምክንያት የለውም።»

«በሽተኛዋ» ሲላት፣ የውብዳር ፎጣውን ገልጣ ብልቃጦቹን ቆጠረች። ኒዛርም ፈገግታውን ሳይለውጥ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብልቃጦቹን አየኋቸው። በፎጣ ጠቅልለሽ ማስቀመጥሽ ደግ ነው። ለእማ ነግሬያታለሁ? አልነገርኩም። እኔ ያንቺን አየሁ፤ አንቺም የኔን አየሽ፤ እኩል ለእኩል ነን። ሁለት ሳምንት ታገሺኝ፤ ገዢው ሲመጣ አወጣዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብትይ ዝም እላለሁ። ብትናገሪ ግን… የሱሪያን ብርጭቆ ታስታውሺያለሽ አይደል?»

«ኒዛር፣ ስድስት ዓመት የበላኸው ከኔ እጅ አይደለም እንዴ? ታመህ ስትተኛ…»

«ለዚህ እኮ ነው ያመንኩሽ» አላት፤ ተነሥቶም እያፏጨ ወረደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የውብዳር በቁሟ ሞተች። የደረጃው ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሥራዋን ጥላ ትወጣለች። ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረችበት። ወይዘሮ ሀኪማ፣ «ምን ነካሽ ልጄ? ፊትሽ እኮ አመድ መሰለ» ሲሏት «ሙቀቱ ነው» አለች። እግራቸው ላይ ወድቃ ሁሉንም ልትነግራቸው ከአንድ ጊዜ በላይ አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን ስለ ስልኮቹ ለመናገር ሳጥኑን ማሳየት፣ ሳጥኑንም ለማሳየት ብልቃጦቹን ማሳየት ነበረባት። ስልኮቹን ወስዳ ባሕር ልትጥላቸው አሰበች፤ ኒዛር ግን በየማለዳው እየመጣ ጥቅሉን በእጁ ይመዝናል። መድኃኒቷን ከሳጥኑ አውጥታ ሌላ ቦታ ልትደብቅም አሰበች። የት? በዚያ ቤት ከዚያ ሳጥን በቀር የእርሷ የሆነ አንድ ስንዝር ቦታ አልነበረም። ሽሽትም አሰበች፤ ፓስፖርቷ ግን ከወይዘሮ ሀኪማ ወርቅ ጋር ተቆልፎበታል፣ «እንዳይጠፋብሽ» ተብሎ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እርሷ ግን እንባዋንም መደበቅ ነበረባት፤ በሽንኩርት አሳበበች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ድፍረት አግኝታ ሀያን ጠየቀቻት፤ ሮብሌንም እንደ ከተማው ሰው በፈረንሳይኛ «ሙሴ» ትለዋለች፣ አቶ ለማለት። «የኔ እመቤት፣ ያ ሙሴ ሮብሌ የሚይዘው ወረቀት ምን ይላል? የኔን ዕቃ መክፈት ይችላል?»

ሀያ ግልባጩን ከእናቷ መሳቢያ አውጥታ ሰገነቱ ላይ ተቀምጣ አነበበችላት። «የተፈታው ሰው ክፍልና ሁሉም በጋራ የሚጠቀሙበት ቦታ ይፈተሻል ይላል። የሌሎች ነዋሪዎች የተዘጋ ዕቃ ግን ራሳቸው ካልፈቀዱ፣ ወይም ዳኛ ካላዘዘ አይከፈትም።»

የውብዳር እፎይ ብላ ዓይኗን ወደ ሰማይ አነሣች። «ተመስገን!»

«ቆይ…» ሀያ ገጹን ገለጠች፤ ፊቷም ተለወጠ። «እዚህ ስምሽ አለ። ከኔ ስም ሥር። ‹ፈቅጃለሁ› ይላል። ተፈርሞበታል።»

«ማን ፈረመ? እኔ መቼ ፈረምኩ?»

«እማዬ ናት። የኔንም እሷው ናት የፈረመችው! ለዚህ ነው ማስታወሻዬን…» ሀያ ወረቀቱን ጨመደደችው፤ መልሳም ዘረጋችው። «እንደ ልጇ ስለምታይሽ ነው፣ የውብዬ። ለክፋት አይደለም።»

«ለክፋት ቢሆንማ እጠነቀቅ ነበር» አለች የውብዳር።

«እሑድ ቢሮ ሲከፈት አብረን እንሂድ። የአመክሮ ጉዳይ የምታየዋ ዳኛ ጋ ገብተን ፊርማው የኛ አይደለም እንላለን። እኔ አስተረጉምልሻለሁ። እሺ?»

በዚያ አገር ቢሮ የሚዘጋው ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ የሥራ ቀን ነው። የውብዳር እሑድን እንደ ትንሣኤ ትጠብቅ ጀመር። ዳኛዋ ፊት ብቻዋን ቆማ፣ ሳጥኑን ለአንዲት ሴት ብቻ ከፍታ፣ ስልኮቹን አስረክባ፣ ገመናዋን ይዛ ስትመለስ ታያት ነበር። ሦስት ቀን ብቻ ቀርቷት ነበር።

ሮብሌ ግን ቅዳሜ በእኩለ ቀን መጣ። በወደቡ ሰሞኑን ማሸጊያው ሳይነካ በማጠፊያው የተከፈተ ኮንቴይነር ተገኝቶ፣ አለቃው ቆጥቶት ነበር። ወይዘሮ ሀኪማ እንደ ወትሯቸው ሻይ ሊያቀርቡለት ሲሉ፣ «ዛሬስ ይቅርብኝ፣ ኤዶ። የባለፈው ሻይ ጣፍጦኝ ግማሽ ቤት ሳላይ ነው የሄድኩት» አለ። የጫቱም ሰዓት ደርሶ ነበርና ይቸኩላል። ታች ያለውን ሁሉ አገላብጦ ወደ ሰገነቱ ወጣ፤ ቤተሰቡም ተከተለው። ፍራሹን ገለጠ፤ ትራሱን ጨመቀ። አጎንብሶም አረንጓዴውን ሳጥን ከአልጋው ሥር ጎተተው።

«ይኼ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች የውብዳር። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ክፈቺው።»

«አልከፍትም፣ ሙሴ ሮብሌ። የታሰረው እኔ አይደለሁም። የተፈታሁትም እኔ አይደለሁም።»

ሮብሌ ወረቀቱን አወጣ። «ፈርመሻል።»

«እኔ አልፈረምኩም!»

«አልፈረመችም! እኔም አልፈረምኩም!» ስትል ሀያ መሐል ገባች። «የተጻፈውን እኔ አንብቤዋለሁ። ራሷ ካልፈቀደች አይቻልም ይላል።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔን ታዋርጂኛለሽ?» ወይዘሮ ሀኪማ ተቆጡ። ወደ የውብዳርም ዘወር አሉ። «ልጄ፣ ምን አለሽና ነው? አንድ ነጠላና አንድ ፎቶ። ክፈቺለትና ይሂድልን፤ ጎረቤት እየሰማ ነው።»

«እትዬ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ይህን አይዘዙኝ። ነገ ዳኛዋ ጋ እወስደዋለሁ። እንደተቆለፈ እወስደዋለሁ። ሙሴ ሮብሌ፣ እርስዎው ያሽጉት፤ እርስዎው ይሸከሙት። ዳኛዋ ብቻዋን ትየው። እግርዎ ሥር እወድቃለሁ!» ብላም በእርግጥ ወደቀች፤ ጫማውን ያዘች።

ይህ የተገባ ልመና ነበር፤ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። ሮብሌ ግን ሰዓቱን አየ። እግሩን ከእጇ አላቅቆ፣ የሳጥኑን እጀታ ይዞ ወደ ደረጃው ሊጎትተው ብድግ አደረገው። ከባድ ነበርና ዘነበለ። የኒዛር ምስማሮች ከማጠፊያው ሾልከው ወጡ፤ ሳጥኑም በጀርባው ተከፍቶ፣ ጓጉንቸሩ ከፊቱ እንደተቆለፈ፣ በውስጡ የነበረውን ሁሉ በሰገነቱ ወለል ላይ ዘረገፈው።

ነጠላው ወደቀ። ሽብሩ በፎቶግራፉ ወደ ሰማይ አየ። ጥቁሩ ላስቲክ ተቀዶ ስልኮቹ ተበተኑ። ከሁሉም በኋላ ፎጣው ተፈትቶ አንድ ብልቃጥ እየተንከባለለ ሄዶ ከወይዘሮ ሀኪማ ጫማ ሥር ቆመ።

ሮብሌ ሌላውን አንሥቶ የተጻፈበትን በፈረንሳይኛ ጮክ ብሎ አነበበ። ሀያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወይዘሮ ሀኪማ አልገባቸውም። «ምንድን ነው እሱ? የራስ ምታት ነው?»

ያኔ ዝም ቢል ኖሮ ኒዛር ምናልባት ይተርፍ ነበር። ነገር ግን ክፉ ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚወረውረው በእጁ ያለውን የሰው ገመና ነው። «የኤድስ መድኃኒት ነው፣ እማ!» ብሎ ጮኸ። «ስድስት ዓመት ስታበላን የኖረችው በሽተኛ ናት! ሌባም ናት! ስልኮቹም የሷ ናቸው። ከማን ጋር እንደምትሠራ እኔ ምን አውቃለሁ? ለወጥ ሠሪ ሳጥን መቆለፍ ምን አስፈለጋት?»

ማዶ ካለው ሰገነት ልብስ ታሰጣ የነበረች ሴት እርጥቡን ጨርቅ እንደያዘች ቆማለች። የውብዳር ከወለሉ ላይ ቀና አለች። ሳምንት ሙሉ በፍርሃት ስትንቀጠቀጥ የኖረችው ሴት ድንገት መንቀጥቀጧ ቆመ፤ የምትፈራው ነገር ሁሉ ደርሷልና። ኒዛር አስሮ የያዘባትን ገመድ በገዛ አፉ በጥሶት ነበር።

«ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም» አለች። «ሙሴ ሮብሌ፣ ጓጉንቸሩን ይዩ። እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉ ይኸው፣ ከማተቤ ጋር። ሳጥኔ የተከፈተው በጀርባው ነው፣ በማጠፊያው። በማጠፊያ የሚገባ ሌባ በዚህ ቤት ማን ነው?»

ሮብሌ ጎንበስ ብሎ ከወለሉ ላይ ሁለቱን ምስማሮች አነሣ። በመዳፉ ላይ አስቀምጦ ረጅም ጊዜ አያቸው። የኒዛርን መዝገብ ከአንድም ሁለት ጊዜ አንብቦታል፤ ከተሰረቁት ኮንቴይነሮች የወጡትን ምስማሮችም በዓይኑ አይቷል። ዓይኑንም ወደ ኒዛር አነሣ። ኒዛር ወደ ደረጃው ሲፈተለክ፣ በሩ ላይ የቆመችው ሀያ ነበረች። አልገፋችውም፤ አልያዘችውምም። «ወዴት?» ብቻ አለችው፤ ሮብሌም ከኋላው ደረሰበት።

ወይዘሮ ሀኪማ ልጃቸው ታስሮ ሲወርድ አልጮኹም። ከጫማቸው ሥር ያለውን ብልቃጥ ነበር የሚያዩት። ቀስ ብለው እግራቸውን አሸሹ። ቆይተውም፣ «ሀያ፣ ፓስፖርቷን አምጪላት» አሉ። ወደ የውብዳር ሳያዩም፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ» አሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ልጄ ሳይሉ ሲጠሯት ያ የመጀመሪያው ነበር። ስለ እርሷ ሲፈርሙ ልጅ ነበረች፤ የፈረሙበት ሳጥን ሲከፈት ግን ባዕድ ሆነች።

የውብዳር ነጠላውን፣ ፎቶግራፉን፣ ደብዳቤዎቹን፣ ብልቃጦቹን ለቀመች። ሳጥኑ አይዘጋም ነበርና በገመድ አሰረችው። ሀያ እያለቀሰች ታችኛው በር ድረስ ተሸከመችላት። «እሑድ እሄድልሻለሁ፤ ብቻዬንም ቢሆን እሄዳለሁ» አለቻት። የውብዳር ራሷን ነቀነቀች፤ ጆሮዋ ግን ሌላ ነገር ይጠብቅ ነበር። ሰማያዊው በር ከኋላዋ ተዘጋ። አሥር እርምጃ ሳትሄድም በግቢው ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማች።

ሀያ ቃሏን ጠበቀች። ዳኛዋ ሁለቱንም ሴቶች ለየብቻ ጠርታ አዳመጠች። ሰው ስለ ሌላ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ፈቃድ መስጠት እንደማይችል፣ ከተፈታ እስረኛ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖርም የነዋሪውን ገመና ለማንም እንደማያስገልጥ በጽሑፍ ወሰነች። የየውብዳርና የሀያ ስም ከወረቀቱ ተሰረዘ። ውሳኔው የታተመበት ወረቀት ለየውብዳር ተሰጣት፤ አጣጥፋም በከተማው ዳር ባለው የባልባላ ሰፈር በተከራየችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ በገመድ በታሰረው ሳጥን አኖረችው። ወረቀቱ እውነት ነበር፤ ሥራ ለመጠየቅ ባንኳኳችበት በር ሁሉ ግን ከእርሷ ቀድሞ የሚደርሰው ከሰገነት ወደ ሰገነት የተሻገረው ወሬ ነበር። እስከዚያ ዓመት ማብቂያ ድረስ ቤቱን የከፈተላት ሰው አልተገኘም።

ሮብሌ ባልተፈቀደለት ሳጥን ላይ እጁን ስላነሣና ባለቤቱ ያልፈረመበትን ፊርማ አውቆ ስለተቀበለ ከተቆጣጣሪነት ተሽሮ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረ።

ኒዛር ባሺር አመክሮው ተሰረዘበት። ያልፈጸማቸው ሁለት ዓመት ከአራት ወር እንዳሉ ተመለሱበት፤ ለአዲሱ ስርቆትና የሌላ ሰው ሳጥን ሰብሮ ወንጀሉን በእርሷ ላይ ለመጣል ስለሞከረ ደግሞ ሦስት ዓመት ተጨመረበት። ከመስከረም ወር መጀመሪያ አንሥቶ፣ ያለ አመክሮ፣ ሙሉ ዘመኑን እንዲታሰር ተፈርዶበት ወደ ወህኒ ቤት ወረደ።